በነጻ የሚሰጠውን ማን ይከፍላል?

(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ በሥዕል ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ የተዘጋ በር ለመናገር ነው።

ባለፈው ዓመት የሥዕል ክበባችን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሥዕል ማስተማር እንደ ጀመረ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ማስታወቂያውን በየበሩ ስንለጥፍ «በነጻ» የሚለውን ቃል ከሁሉ አስበልጠን በቀይ ቀለም ጽፈነው ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች መጡ፤ በሁለተኛው ወር አርባ ደረሱ። አንድ ለጋስ ነጋዴ ወረቀቱንና ቀለሙን ሊችሉልን ቃል ስለ ገቡ፣ ስለ ገንዘብ ማሰብ የእኛ ሥራ መስሎ አልታየንም። በአራተኛው ወር የነጋዴው ንግድ ተዳከመና ርዳታቸው ቆመ። እርሳቸውን አንወቅስም፤ እስከቻሉ ድረስ ቃላቸውን ጠብቀዋል። የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ወረቀቱ ባለቀ በሳምንቱ ሌላ ነገር ተሰማ። የአዳራሹ ዘበኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሥራ ሰዓታቸው እንዳልሆነና ለአራት ወር በሩን ሲከፍቱ፣ ሲዘጉ፣ የተደፋውን ቀለም ሲያጥቡ አንድ ሳንቲም እንዳልተከፈላቸው ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ልናግባባቸው ስንሄድ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ በነጻ ያላችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አላልሁም። እኔም እቤት የሚጠብቁኝ ልጆች አሉኝ።» እውነታቸውን ነበር።

በዚያው ቅዳሜ ከልጆቹ ብዙዎቹ ወሬው ሳይደርሳቸው መጡ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ በቤቷ የሣለችውን የዶሮ ሥዕል በፌስታል ጠቅልላ ይዛ እስከ አሥር ሰዓት በሩ ሥር ቆየች። «ጋሼ፣ ዛሬ የለም እንዴ?» ስትለን የምንመልስላት አጣን።

ይህ ንግግር ከዚያች ልጅ ጥያቄና ከዘበኛው መልስ የተወለደ ነው። ከዚያ ወዲህ ለትርፍ ያልቆሙ የሥነ ጥበብ ማእከሎች ለሕዝብ በነጻ የሚሰጡትን አገልግሎት በምን ገንዘብ እንደሚያካሂዱ ስናነብና ስንጠይቅ ከረምን። ያገኘነውን እነሆ። በውጭ አገር የሆነውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ነገር በራሳችን አቆጣጠር እንጠራዋለን።

አስቀድመን «በነጻ» የሚለውን ቃል እንመርምር። አርባ ልጆች በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሦስት ወረቀት ቢጨርሱ መቶ ሃያ ወረቀት ነው፤ በወር አራት መቶ ሰማንያ። ቀለም አለ፤ ብሩሽ አለ፤ መብራትና ውሃ አለ፤ የአስተማሪው ጊዜና የዘበኛው ጊዜ አለ። ከእነዚህ አንዱም ከሰማይ አይወርድም። እንግዲህ «በነጻ» ማለት የሚገባው ሰው አይከፍልም ማለት ብቻ ነው፤ ማንም አይከፍልም ማለት አይደለም። ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያልወሰነ ማኅበር ደግሞ ሸክሙ በራሱ ጊዜ ተንከባሎ ጉልበቱ በደከመው ሰው ላይ ያርፋል። በእኛ ዘንድ በዘበኛው ላይ ዐረፈ።

«ለትርፍ ያልቆመ» የሚለውም ቃል ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጐማል። ድኻ ማለት የሚመስለን ብዙዎች ነን። ትርጓሜው ግን ከሥራው የተረፈውን ገንዘብ መሥራቾቹና አባሎቹ አይካፈሉትም፤ ተመልሶ ወደ ሥራው ይገባል ማለት ነው። በአሜሪካ ይህን ዐይነቱን ድርጅት የሚመለከተው የግብር ሕጉ አንቀጽ 501(ሐ)(3) ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ድርጅቱ በገቢው ላይ ግብር አይከፍልም፤ ለድርጅቱ ገንዘብ የሰጠም ሰው ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ስጦታውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ሊቀንስ ይችላል። ከመቶ 35 የሚገብር ባለጸጋ 1,000 ዶላር ቢሰጥና ሕጉ ሙሉውን ቢቀንስለት፣ ከኪሱ በእውነት የሚወጣው 650 ዶላር ነው፤ 350ው የመንግሥት ግምጃ ቤት ሳያገኘው የቀረ ግብር ነው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የተጻፈው የባለጸጋው ስም ቢሆንም ከጀርባው ስሙ ያልተጻፈ ግብር ከፋይ ሁሉ አለ። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አንዲት ከተማ እንውሰዳችሁ። ሂውስተን በአሜሪካ በቴክሳስ ያለች የነዳጅ ዘይት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ከሚገኙት የሥነ ጥበብ ቤቶች መካከል ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም በበራቸው ላይ የመግቢያ ዋጋ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ሦስቱም የሚኖሩበት መንገድ ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የሜኒል ስብስብ የሚባለው ሙዚየም ነው። ጆንና ዶሚኒክ ደ ሜኒል ከፈረንሳይ ወደ ሂውስተን የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሀብታቸው የመጣው የዶሚኒክ አባትና አጎት ከመሠረቱት፣ ለነዳጅ ጉድጓድ ምርመራ መሣሪያ ከሚሠራው ከሽሉምበርዤ ኩባንያ ነው። ለብዙ ዓመታት የሰበሰቡት የሥነ ጥበብ ሥራ እንዲታይ በ1987 ሙዚየሙ ሲከፈት ማንም ሰው ሳይከፍል እንዲገባ ተደረገ። ዶሚኒክ በ1997 ካረፉ በኋላም በሩ እንደዚያው ቀረ።

እንዲህ ያለው ቤት ከሚተማመንባቸው ነገሮች አንዱ ዋናው የማይነካ ቋሚ ገንዘብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተሰጠው ገንዘብ ሥራ ላይ ይውላል፤ በየዓመቱ ከመቶ አራት ወይም አምስት ያህሉ ብቻ ይወጣል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ያለው ቤት በዓመት ከ40,000 እስከ 50,000 ዶላር ያወጣል፤ ዋናው ለሚመጣው ትውልድ ይቆያል። የምታልበውን ላም እንዳለማረድ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ላሚቱን መጀመሪያ ማን ይሰጣል? የነዳጅ ሀብት የሌለው ሰፈር ይህን መንገድ ቢመኘው እንጂ አይጀምርበትም።

ሁለተኛው የሂውስተን የዘመናዊ ሥነ ጥበባት ሙዚየም ነው። በ1948 የከተማይቱ ነዋሪዎች ተሰብስበው እንደ ማኅበር መሠረቱት፤ ዛሬ ያለበትን በብረት የተለበጠ ሕንጻ በ1972 አገኘ። የራሱ የሥዕል ክምችት የለውም፤ በየጊዜው አዲስ ትርኢት ያቀርባል እንጂ። ገቢው ከብዙ ምንጭ ይቀዳል፦ ከቦርድ አባሎች መዋጮ፣ ከማኅበርተኞች የዓመት ክፍያ፣ ከግል በጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ የእራት ግብዣ፣ ከሱቁ፤ ከዚህም ሌላ ከከተማው አስተዳደር።

የከተማው አስተዳደር ድርሻ የሚመጣበት መንገድ አስደነቀን። በሂውስተን ሆቴል ያደረ እንግዳ ከመኝታው ኪራይ ላይ ለከተማው 7 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል፤ ከዚህ ቀረጥ ደግሞ እስከ 19.3 በመቶ የሚደርሰው ለሥነ ጥበብ ይመደባል። መኝታው 100 ዶላር ቢሆን ለሥነ ጥበብ እስከ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይደርሳል ማለት ነው። መንገደኛው አንድ ሌሊት ተኝቶ ሲሄድ ለማያውቀው ልጅ የቀለም ዋጋ ትቶለት ይሄዳል። ነገር ግን ይህም ምንጭ ይደርቃል፤ በ2020 ወረርሽኙ መንገደኛውን ሁሉ በየቤቱ ሲያስቀር በዓለም ዙሪያ ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፤ ከሆቴል የሚገኘውም ቀረጥ ዐብሮ ወደቀ። ስለዚህ ይህ ቤት ምንጩን ማብዛቱ ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እንዲያጠጣው ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የቀረበን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሪክ ሎው የሚባል ሠዓሊ ጥቁር አሜሪካውያን በሚበዙበት በሦስተኛው ቀጠና አጠገብ ይሠራ ነበር። ሥዕሎቹ የድኾችን ችግር የሚያሳዩ ነበሩ። አንድ ቀን ሊጐበኙ ከመጡት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንዱ ችግሩን እኛ እናውቀዋለን፣ ስትሥልልን አዲስ ነገር አይሆንብንም፤ ሠዓሊ ፈጣሪ ከሆነ ለምን መፍትሔ አይፈጥርም የሚል ጥያቄ አቀረበለት። ሎው ይህን ጥያቄ ሊረሳው እንዳልቻለ ደጋግሞ ተናግሯል። በ1993 ከሌሎች ስድስት ሠዓልያን ጋር ሆኖ የተተዉ 22 ትናንሽ የእንጨት ቤቶችን ይዞ ሥራ ጀመረ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ለመነሻው ከመንግሥትና ከግል ድርጅቶች ርዳታ ተጠየቀ፤ ርዳታው ግን ብቻውን አይበቃም ነበር። ቤቶቹን ሌሎች ድርጅቶችና ግለሰቦች አንዳንዱን እየተረከቡ አደሱ፤ የሰፈሩ ሰውና በጎ ፈቃደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሻሻ ጠረገ፣ መስኮት ቀለም ቀባ። ከቤቶቹ ገሚሱ የትርኢት ማሳያ ሆነ፤ ሌሎቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን እያሳደጉ ለሚማሩ ወጣት እናቶች መኖሪያ ሆኑ። በ2003 ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት የሚሠራ እኅት ድርጅት ተቋቋመ። ሥራው አምስት የከተማ ብሎክና 39 ቤቶች እስከሚያጠቃልል ድረስ አደገ። አስተውሉ፤ አንድ ባለጸጋ 22 ቤት እንዲያድስ ቢለመን ምናልባት እምቢ ይል ነበር፤ ብዙ ወገን በየድርሻው እንዲያድስ ሲጠየቅ ግን ተቻለ። በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በሂውስተን በእንጨትና በሚስማር ተተረጐመ።

ከሂውስተን ሳንወጣ ሦስቱን መንገዶች አየን፤ አሁን ደግሞ አንድ ሰው በሩን ስለ ሌሎች የከፈለበትን ሁኔታ እንይ፤ ነገሩ ወደ እኛም ይቀርባል። ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በአዲስ አበባ ተወለደች፤ አባቷ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በ1977 ቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ዛሬ ሥራዎቿ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። በኒው ዮርክ የሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም የባላደራ ቦርድ አባል ስትሆን፣ በ2024 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታ ከዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ዕድሜው 25 እና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ ለሦስት ዓመት ያለ ዋጋ እንዲገባ አደረገች። በዚያን ጊዜ የአንድ ዐዋቂ መግቢያ 30 ዶላር ነበር። በዚህ አዳራሽ ያለነው አብዛኞቻችን ኒው ዮርክ ብንገኝ በእርሷ ስጦታ የምንገባ ነን።

ይህን በደስታ እንናገራለን፤ ነገር ግን እንደ ተማሪ እንመርምረው። ስጦታው የሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሲያልቅ ወይ ሌላ ሰጪ ይገኛል፣ ወይ ሙዚየሙ ራሱ ይሸከማል፣ ወይ በሩ እንደ ቀድሞው ዋጋ ይጠይቃል። የእኛ ነጋዴ የሰጡንና የጁሊ ምሕረቱ ስጦታ በመጠን ባይገናኙም በባሕርይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መጨረሻ አላቸው። ልዩነቱ ዊትኒ የሚያልቅበትን ቀን አስቀድሞ ማወቁ ነው። እኛ አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም።

የመንግሥት ርዳታስ? በአሜሪካ የኪነ ጥበባት ብሔራዊ ድርጅት በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ፊርማ ተቋቋመ። በ2024 የተመደበለት 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለአገሪቱ ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ድርጅቱ ርዳታ ሲሰጥ ተቀባዩ ቢያንስ የዚያኑ ያህል ከሌላ ምንጭ እንዲያመጣ ያስገድዳል። ይህ ሕግ ጥበብ አለበት፤ ማንም በአንድ እጅ ብቻ እንዳይንጠለጠል ያደርጋል። ጥበቡም በግንቦት 2025 ታየ፤ መንግሥት ሐሳቡን ለውጦ በብዙ መቶ ለሚቆጠሩ ድርጅቶች ርዳታው እንደ ተሰረዘ በደብዳቤ አስታወቀ። ሌላ ምንጭ የነበራቸው ተንገዳግደው ቆሙ፤ ያልነበራቸው ሥራቸውን ማጠፍ ግድ ሆነባቸው።

ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አለ። በለንደን ሰርፐንታይን የተባለው በነጻ የሚገባበት የትርኢት ቤት በ2013 ሁለተኛ ሕንጻ ሲከፍት በሳክለር ቤተ ሰብ ስም ጠራው። የዚህ ቤተ ሰብ ሀብት ከፍተኛው ክፍል ብዙ ሰው ሱሰኛ ካደረገ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የመጣ መሆኑ ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ በ2021 ስሙ ተነሥቶ ሰሜን ሰርፐንታይን ተባለ። ያው የዊትኒ ሙዚየምም በ2019 ከቦርዱ ምክትል ሊቀ መናብርት አንዱ፣ ኩባንያቸው አስለቃሽ ጋዝ ይሸጣል ተብሎ ሠዓልያኑ ሥራችንን እናወጣለን እስከ ማለት ስለ ደረሱ፣ ቦታቸውን ለቀቁ። እንግዲህ በአንድ በኩል ለሕዝብ በነጻ የተከፈተ በር በሌላ በኩል የሌላውን ሕዝብ እንባ ከፍሎ ሊሆን ይችላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ ጣና እንውሰደው። በደቅ ደሴት የምትገኘውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ግድግዳዋ ሁሉ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሲያሳይ፣ ከእግሯ ሥር እቴጌዪቱ በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ያሠራውን ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ማሳየት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዛሬ በየሙዚየሙ ግድግዳ የሰጪዎች ስም እንደሚጻፍ ማለት ነው። የሚሳለመው ገበሬ ግን ሥዕሉን ለማየት የከፈለው የመግቢያ ዋጋ አልነበረም። ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ሥዕሉ መጽሐፍ ሆኖለት ኖረ። በነጻ የሚታይ የሥነ ጥበብ ቤት ለአገራችን እንግዳ አይደለም ለማለት ይህ ይበቃል።

ነገር ግን ጥያቄያችንን ከዚህም ፊት አናጥፈው። ማን ከፈለ? የአድባራቱ መተዳደሪያ ጉልት ነበረ። ጉልት ማለት ዋናው የማይነካ ቋሚ ሀብት ነው፤ ሂውስተን ላይ ላም ያልነው በእኛ ዘንድ መሬት ነበረ። ከመሬቱም የሚገባውን እህል ያመረተው ገባሩ ነው። እቴጌዪቱ በሥዕሉ ግርጌ አሉ፤ ገባሩ የለም። ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ያለ ዋጋ ገባሁ ብሎ የሚሳለመው ሰው ዋጋውን አስቀድሞ በአውድማው ላይ ከፍሎት ነበር። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ይህ አልታይ ያለ ከፋይ እንዲታይ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ጉልቱ ቀረ፤ አድባራቱም በምእመናን መዋጮና በሌላ ገቢ መተዳደር ያዙ። ከዚህ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ የማይነካ የተባለ ሀብትም ዘመን ሲለወጥ ይነካል። ሁለተኛ፣ በሥዕሉ ላይ ያልታየውን ከፋይ መፈለግ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

ከዘመናችንም አንድ ምሳሌ እንጨምር። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከልን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 መሠረቱ፤ በዚያው አቆጣጠር በ2019 ደግሞ መካኒሳ አካባቢ በጭቃና በጭድ፣ በአገር ባለሙያ እጅ የተሠራውን የዞማ ሙዚየም ከፈቱ። ኤልያስ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሽቦና ቁርጥራጭ የሚሠራቸው ሥራዎች በውጭ አገር ይሸጣሉ። ሙዚየሙ የትርኢት ቦታ ብቻ አይደለም፤ የአትክልት ስፍራ፣ ቡና ቤት፣ ሱቅና የሕፃናት ትምህርት ቤት አለው። ሁሉንም በነጻ አልከፈተም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ። እኛ ግን ሌላ ነገር አየንበት፤ አንዱ የቤቱ ክፍል የሌላውን ክፍል ሊደግፍ የሚችልበት አሠራር ነው። ቡናውን የጠጣ ሰው ዋጋውን ዐውቆ ይከፍላል፤ ማንም ሳያውቀው አይከፍልም።

ሕጋችንም ይህን መንገድ ይፈቅዳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ዓላማውን ለማራመድ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ትርፉን ግን አባሎች ሊካፈሉት አይችሉም። የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል። ክበባችን የተመዘገበ ድርጅት ባይሆንም ሕጉ ከሚናገረው መንፈስ መማር እንችላለን።

እንግዲህ ያጠፋነውን ዐውቀናል። አንድ ሰጪ ብቻ ነበረን፤ እስከ መቼ እንደሚሰጡን አልጠየቅናቸውም። ከራሳችን የሚገኝ ገቢ አልነበረንም። ሒሳብ አልያዝንም። ከሁሉም የከፋው፣ ወረቀቱን ወጪ ብለን ስንቈጥር የሰውን ጉልበት ሳንቈጥረው ቀረን። በዓለሙም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ለአዲስ አዳራሽ ስሙን ለማስጻፍ የሚሰጥ ይገኛል፤ ለዘበኛ ደመወዝ ስሙን የሚያስጽፍ ግን ማን ነው? ስለዚህ ብልህ ማእከል ለአንድ ሥራ ብቻ ተብሎ ከሚሰጠው ገንዘብ ይልቅ ለማናቸውም ወጪ ሊውል የሚችለውን ትንሽ መዋጮ አጥብቆ ይፈልጋል። አምፖል የሚገዛው፣ ዘበኛ የሚከፈለው በዚያ ነውና።

ስለሆነም ለማኅበሩ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

መጀመሪያ፣ ከተማሪው ሦስት መቶ ያህል ፈቃደኛ ቢገኝና እያንዳንዱ በወር አሥር ብር ቢያዋጣ በወር ሦስት ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከምንም አስቀድሞ ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ የቅዳሜ ዋጋ ይዋል። ያለፈው የአራት ወር ዕዳም ከዚሁ ይከፈል።

ሁለተኛ፣ በየመንፈቁ የአባሎች ሥዕል ትርኢት ይደረግ፤ ከሚሸጠው ግማሹ ለሠዓሊው፣ ግማሹ ለልጆቹ ወረቀትና ቀለም ይሁን። ሠዓሊውን ያለ ዋጋ ማሠራት ዘበኛውን ያለ ዋጋ እንደ ማሠራት ነው።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ስጦታ ከጠቅላላው ገቢያችን ከሲሶው እንዳይበልጥ፤ ሰጪውም እስከ መቼ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይግለጽ። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣም ተጠይቆ ይታወቅ።

አራተኛ፣ ከሚገባው ገንዘብ ከዐሥር አንዱ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ምንጩ ሲደርቅ ሦስት ቅዳሜ የሚያቈየን ስንቅ ይሁን። ሦስት ቅዳሜ ማለት ልጆቹን አስጠንቅቀን፣ ሌላ ሰጪ ፈልገን፣ በሩን ሳንዘጋ የምናልፍበት ጊዜ ነው።

አምስተኛ፣ ሒሳቡ በየወሩ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ፤ የሰጠውም የሠራውም ሰው ስም በአንድ ገጽ፣ በአንድ ዐይነት ፊደል ይጻፍ። ገባሩም በሥዕሉ ላይ ይታይ።

ይህን ያህል ገንዘብ ለልጆች ሥዕል? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። የዳቦ ችግር ባለበት አገር ስለ ቀለም መናገር ቅንጦት ይመስላል። መልሳችን አጭር ነው፤ ያቺ ልጅ ዳቦ ፈልጋ አልመጣችም። የሣለችውን ዶሮ የሚያይላት ሰው ፈልጋ መጣች። በዚህ ዩኒቨርሲቲ አጥር ውስጥ ለእርሷም ቦታ እንዳለ ያመነችው እኛ በቀይ ቀለም ስለ ጻፍንላት ነው። የጻፍነውን ማጽናት የእኛ ፈንታ ነው።

በሚመጣው ጉባኤ ድምፅ ስትሰጡ «በነጻ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ በማስታወቂያ ላይ የመጻፍ መብት ስጡን፤ ዋጋውንም አብራችሁን ተሸከሙ። ያን ቀን መጀመሪያ ሄደን የምንነግራቸው ዘበኛውን ነው፤ ደመወዛቸውን በእጃችን ይዘን።